የካቢኔት መብራቴን ላስተካከለልኝ ልጅ ምስጋና

ሰው ሥራውን አሳምሮ ሲሠራ ዝም ማለት አልችልም።

ሁለት ወር ሙሉ ኪችኔ ጭፈራ ቤት መስሎ ነበር። ካቢኔቱ ሥር ያሉት አምስት መብራቶች ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ልጆቼ ሳቁብኝ። ቢላ ይዤ ሽንኩርት የምከትፈው ግን እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ሃሎጂኖቹን፣ ማለት የድሮዎቹን የሚፋጁ አምፖሎች፣ ትንሽ ኤሌክትሪክ በሚበላው ኤልኢዲ ላስቀይር ብዬ ነው። ሃሎጂኖቹ ባለ 12 ቮልት ትንንሽ አምፖሎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 20 ዋት። ሙቀታቸው አይጣል ነው፣ ከላያቸው ያለው እንጨት ጠቁሮ ነበር። መጀመሪያ የመጣው ሠራተኛ እነሱን ነቅሎ ባለ 2 ዋት ኤልኢዲ ሰካና ሄደ። አምስት ደቂቃም አልፈጀበት። ብልጭታው ሲጀምር ብደውልለት "አምፖሎቹ ፎርጅድ ናቸው" አለኝ። ሌላ ገዛሁ። ያው ነው።

ከዚያ ጎረቤቴ ይህን ልጅ ጠቆመችኝ። ሁለት ሰዓት አርፍዶ ነው የመጣው፣ እሱን አልደብቅም። ገና እንደገባ ግን አምፖሎቹን ዞር ብሎም አላየ። "እትዬ፣ ትራንስፎርመሩ የት ነው ያለው?" አለኝ። ለካ የቤቱን ኤሌክትሪክ ለአምፖሎቹ ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ ዕቃ ነው፤ እኔ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አላውቅም!

ብሬከሩን አጥፍቶ በቴስተር አረጋገጠና ካቢኔቱ አናት ላይ ወጣ። አቧራ የጠጣች አንዲት ነጭ ሳጥን ይዞ ወረደ። በሸሚዙ እጅጌ ጠርጎ ጽሑፉን አሳየኝ፦ 20–105 ዋት። "ይቺ ቢያንስ 20 ዋት ካልተጫነባት በደንብ አትሠራም። አሁን ያሉት አምስቱም ተደምረው 10 ዋት ናቸው" አለኝ።

ፊቴ ላይ ጥርጣሬ አይቶ መሰለኝ፣ ሳጥኗን መልሶ ጭነቱ ከ20 ዋት እንዲያልፍ በአንዱ ኤልኢዲ ቦታ አንድ አሮጌ ሃሎጂን በጨርቅ ይዞ ሰካ። በባዶ ጣት አይነካም፣ የእጅ ቅባት መስታወቱን ያበላሸዋል አለኝ። ሲያበራው ብልጭታው ቀጥ አለ! የቀሩት አራቱም ኤልኢዲዎች ጸጥ ብለው በሩ። ለካ ሁለት ጊዜ የገዛኋቸው አምፖሎች አንድም ችግር አልነበረባቸውም።

እዚያው ላይ "በቃ እንደዚህ ይሁን" ቢለኝ እሺ እል ነበር። እሱ ግን ትራንስፎርመሩን አውጥቶ በቦታው ለኤልኢዲ የተሠራ ባለ 12 ቮልት፣ እስከ 20 ዋት የሚችል ድራይቨር (የኤልኢዲ ትራንስፎርመር በሉት) ገጠመልኝ። አየር እንዲያገኝ ብሎ ከግድግዳው ትንሽ አራቀው። የላሉትንም የሽቦ መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ አጠበቀ። አዲስ አምፖል ግን አልሸጠልኝም፤ የመጀመሪያዎቹን ራሱ ከመሳቢያ አስወጥቶኝ ሰካቸው።

ከመሰካቱ በፊት ግን አስመረጠኝ። ሁለተኛ ስገዛ 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚል በጣም ነጭ አምጥቼ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ፣ ቢጫማ ከሆኑት ባለ 3000ዎቹ፣ ጋር ጎን ለጎን አብርቶ "የቱ ይሻልዎታል?" አለኝ። ነጩ ሥር እጄ የበሽተኛ እጅ መሰለ። ባለ 3000ዎቹን መረጥኩ።

ከዚያ ወዲህ ይኸው መብራቱ ሰላም ነው። እንጨቱን ብነካው አይፋጅም።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዱን ጠይቄዋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የትራንስፎርመራችሁን ጽሑፍ ፎቶ አንሡት፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ቀጠሮውን ግን ሁለት ሰዓት ቀደም አድርጋችሁ ንገሩት።