ለድሬ ሰርግ፦ የሐበሻ ቀሚስ ወይስ ድሪያ?

ድሬ ላይ ሰርግ ሲመጣ የሴቱ ሁሉ ጭንቀት ምን ልልበስ ነው። የሐበሻ ቀሚስም የሶማሌ ሴቶች ልብስ የሆነው ድሪያም ረጅም ናቸው። «አቤት ስታምር!» የሚያሰኘው ነገር ግን ለየቅል ነው።

የሐበሻ ቀሚስ ውበቱ ቁጥብነቱ ነው። ነጭ ሸማ፣ ደረቱና ጠርዙ ላይ ጥበብ፣ በቃ። እናቶች መጀመሪያ የሚያዩት ንጣቱንና የነጠላው ጥለት ከቀሚሱ መግጠሙን ነው። ጥበቡ ከበዛ «ምነው ይሄ ሁሉ!» ማለት ይመጣል።

ለሶማሌ እናቶች ደግሞ ሰርግ ላይ ፈዘዝ ማለት አይዋጥላቸውም። ድሪያ ስስ፣ ሰፊና ቀለሙ የደመቀ ነው። ከስር ጎጎራድ የሚባል ጉርድ አለ፤ ጠርዙ ያብረቀርቃል። ሴትየዋ ስትራመድ ድሪያዋን በአንድ በኩል ከፍ አድርጋ ትይዛለች፣ ያ ጠርዝ ብልጭ እንዲል። ትከሻ ላይ ገርባሳር የሚባል ሻርፕ ጣል ይደረጋል። ልብሱ ኡንሲ በሚባል ዕጣን ጭስ ይታጠናል፤ ለባሿ ሳትታይ ሽታው ቀድሞ ይገባል። (ጭስ የማይስማማው ራቅ ብሎ ይቀመጥ።)

ዋጋ ላይ ብዙ አልልም፤ ሁለቱም ደህና ደህናው ኪስ ያራግፋል።

ድሬ ከባህር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ቀትሯ አይቻልም። ለቀን ሰርግ እኔ ድሪያ ነው የምለው። ሰርጉ ሐረር፣ ያውም ማታ ከሆነ ግን ሸማው ይሻላል። ከተማዋ ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፤ በስስ ድሪያ መንቀጥቀጥ ምን አመጣው? ድሪያ የመረጠች ደግሞ ጎጎራዱን ቀድማ ትለካ፤ ከረዘመ ጭፈራ መሀል ይጠልፋታል።