የነጻ አካውንት ሒሳብ፦ ሦስት የጦማር አገልግሎቶች ከአራት ኪሎ ሲታዩ

በመሐል አዲስ አበባ በአጥርና በግድግዳ ላይ በቀለም ተጽፈው ከሚነበቡት ዐረፍተ ነገሮች መካከል «ማስታወቂያ መለጠፍ ክልክል ነው» የሚለውን ያህል የተደጋገመ ያለ አይመስለኝም። ይህን የማስጻፍ መብት ያለው የግቢው ባለቤት ነው፤ ደባል ሆኖ የገባ ሰው በአከራዩ አጥር ላይ ክልከላ ሊያስጽፍ አይችልም። ነጻ የጦማር አካውንት ከፍቶ የሚጽፍ ሰውም ሁኔታው ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ኪራይ አይጠየቅም፣ ቤቱም በስሙ ይጠራል፣ ነገር ግን በጽሑፉ ራስጌና ግርጌ ምን እንደሚለጠፍ የሚወስነው ሌላ ነው። ይህ ግምገማም የሚመለከተው ይህንኑ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ደርሶ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ፣ ቀደም ብዬ ያነሣኋቸውን የቤቶች ፎቶግራፎችና ከአካባቢው አረጋውያን የሰማሁትን ታሪክ አንድ ቦታ ሰብስቤ ለማስቀመጥ ተነሣሁ። ለዚህ የመደብኩት ገንዘብ ስላልነበረ ነጻ አካውንቶችን አንድ በአንድ ሞከርኩ፤ በመጨረሻም ዎርድፕሬስ ዶት ኮምን፣ ብሎገርንና የቴሌግራም ቻናልን ጎን ለጎን ማስኬድ ጀመርኩ። የመዘንኳቸው በገጽታቸው ውበት አይደለም። የጠየቅኩት ጥያቄ አንድ ነው፦ አገልግሎቱ በነጻ ሲሰጥ ወጪው በመጨረሻ ከማን ኪስ ይወጣል?

ማስታወቂያን በጭፍን ከሚጠሉት ወገን አይደለሁም። በአራት ኪሎ ጋዜጣ በሰዓት እየተከራየ የሚያነብ ሥራ ፈላጊ፣ ጋዜጣውን ሲቀበል የፊት ገጹን ዜና ዘልሎ በቀጥታ ወደ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያው እንደሚሄድ ያላየ የለም፤ አዲስ ዘመንንም ለጨረታው ብለው የሚገዙት ነጋዴዎች ብዙ ነበሩ። ለእነዚህ አንባቢዎች ማስታወቂያው ጽሑፉን ለማንበብ የሚከፈል ቅጣት ሳይሆን ራሱ የተፈለገው ዕቃ ነበር። በተጨማሪም ጽሑፍና ፎቶግራፍ የሚያስቀምጥ ድርጅት ኮምፒውተር ይገዛል፣ መብራት ይከፍላል፣ ባለሙያ ይቀጥራል፤ ይህን ሁሉ ወጪ አንድ ሰው መሸፈን አለበት። ጭቅጭቁ የሚጀምረው ስለ አከፋፈሉ ሲነሣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው ዎርድፕሬስ ዶት ኮም አከፋፈሉን በግልጽ አስቀምጦታል። ነጻው አካውንት 1 ጊጋባይት ማስቀመጫ ይሰጣል፤ አድራሻው የድርጅቱን ስም ይዞ ይጠራል፤ በጽሑፎቹ ላይ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ከዚያ ማስታወቂያ የሚገኘው ገቢም ለነጻው ተጠቃሚ አይደርሰውም። ማስታወቂያውን ለማስነሣት ቢያንስ ዝቅተኛውን የክፍያ ደረጃ መግዛት ያስፈልጋል። አንድ ፎቶግራፍ 2 ሜጋባይት ቢሆን 1 ጊጋባይት 500 ያህል ፎቶግራፍ ይይዛል፤ ለእኔ ዓይነት ሥራ ይህ የሁለት ሰፈር መዝገብ ነው እንጂ ከዚያ አያልፍም። ለጽሑፍ ብቻ ለሚጠቀም ሰው ግን ዕድሜ ልክ የሚበቃ ነው ማለት ይቻላል። የአማርኛው አጻጻፍም ሆነ የፊደሉ አቀማመጥ ሥርዓት ያለው ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ አልናገርም።

ይልቅስ ሊጤን የሚገባው ነገር፣ የነጻው አካውንት ወሰን በተጠቃሚው ስምምነት የሚወሰን አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ድርጅቱ የክፍያ ደረጃዎቹን ሁሉ አጥፎ ነጻና በወር 15 ዶላር የሚከፈልበት በሚሉ ሁለት ብቻ ሲተካቸው፣ ቀድሞ 3 ጊጋባይት የነበረው የነጻው ማስቀመጫ ወደ 500 ሜጋባይት ወርዶ ነበር። ተጠቃሚዎች ሲያጉረመርሙ 1 ጊጋባይት ሆነ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው ደረጃዎች ተመለሱ። ቅሬታ ሰምቶ መመለስ የሚያስመሰግን ነው፤ ሆኖም ያን ሰሞን በነጻው ላይ ዕቅድ ለመጀመር ያሰበ ሰው ወሰኑ በአንድ ማለዳ ሲጠብና ሲሰፋ ማየቱን አይረሳም።

ክፍያው ራሱ ይህን ስጽፍ ዓመቱን በአንድ ጊዜ ለሚከፍል በወር 4 ዶላር፣ በዓመት 48 ዶላር ነው። ይህ ዋጋ በሌላው ዓለም የአንድ ምሳ ወጪ ሊመስል ይችላል። እኛ ዘንድ ግን ሁለት በሮችን ማለፍ ይጠይቃል። የመጀመሪያው የምንዛሪው ነው፤ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ ዋጋ 2,700 ብር ገደማ የነበረው 48 ዶላር፣ ዶላሩ 100 ብርን ካለፈ በኋላ ከ4,800 ብር በላይ ሆኗል። ሁለተኛው በር ይበልጥ ጠባብ ነው፤ በብር ሒሳብ ላይ የተሰጠን የባንክ ካርድ የውጭ ድርጅት አይቀበለውም፣ በቴሌብርም መክፈል አይቻልም። ስለዚህ የብዙዎቻችን መፍትሔ ውጭ አገር ላለ ዘመድ ደውሎ «እባክህ በካርድህ ክፈልልኝ» ማለት ነው። ለዘመድ ልጅ ትምህርት ቤት፣ ለመድኃኒት፣ ለሐዘን ሲደወል የኖረበት ስልክ አሁን ደግሞ ማስታወቂያ ለማስነሣት ይደወልበታል፤ እኔ በበኩሌ አፌን አልሞላ ብሎኝ ሁለት ጊዜ ደውዬ ስለ ጤናው ብቻ ጠይቄ ዘግቻለሁ። በነጻውና በሚከፈልበት መካከል ያለው ሚዛን የሚሠራው መክፈል የሚፈልግ ሰው መክፈል ሲችል ነው፤ መክፈያው በተዘጋበት ከተማ ግን ነጻው አካውንት ምርጫ መሆኑ ይቀርና ግዴታ ይሆናል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ወጪ የሚከፍለው ደግሞ ጸሐፊው አይደለም። የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ በተለመደው አሠራር አንዱ ሆሄ 3 ባይት ይይዛል፤ የእንግሊዝኛው ፊደል 1 ባይት ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ፣ እያንዳንዱ ቃል አምስት ሆሄ ቢኖረው ብለን ብናሰላ፣ 1,000 ቃላት ያለው የአማርኛ ጽሑፍ 16 ኪሎባይት ያህል ነው። በሥዕል ያጌጠና የአንባቢውን እንቅስቃሴ የሚከታተል ፕሮግራም ያዘለ ማስታወቂያ ከዚህ ብዙ እጥፍ ሊመዝን ይችላል። በቢሮ ዋይፋይ ለሚያነብ ሰው ልዩነቱ አይታወቅም፤ የቀን ጥቅል ገዝቶ በታክሲ ውስጥ ከሜክሲኮ አራት ኪሎ እስኪደርስ ለሚያነብ ሰው ግን ጽሑፉ ምርቃት፣ ማስታወቂያው ዋናው ዕቃ ሆኖ ይመዘንለታል። የጉሊት ሻጭ እንዲህ ያለ ሚዛን ብታቀርብ ማንም ዝም አይላትም ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ገጠመኝ ልመለስ። ከእነዚህ ሦስቱ በፊት በሌላ ነጻ አገልግሎት ላይ እጽፍ ነበር፤ ስሙን እዚህ ማንሣት አስፈላጊ አይደለም። በዚያ ገጽ ላይ የፒያሳን አንድ አንጋፋ ልብስ ሰፊ ዜና ዕረፍትና የሕይወት ታሪክ ጻፍኩ፤ ኮት ሲለካ ክሩን በጥርሱ ይዞ ስለሚያወራው ወግ፣ ስለ ሱቁ የእንጨት መዝጊያ፣ ደንበኞቹ በዱቤ ወስደው ስለቀሩት ሱሪዎች ጭምር። በማግስቱ ባለቤታቸው እትዬ (ሰፈሩ የሚጠራቸው እንዲሁ ነው) በልጃቸው ስልክ ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ እኔ ጥሩ ጻፍክ ብዬ ልመርቅህ ስል፣ ከጋሼ ፎቶ ሥር ኳስ የሚራገጥ ልጅ አስቀምጠህ ቁማር ታስነግዳለህ?» አሉኝ። ገጹን ከፍቼ አየሁ፤ ምንም የለም። እትዬን አላመንኳቸውም፣ ይህም እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። በኋላ በእህቴ ስልክ ስከፍተው የስፖርት ውርርድ ማስታወቂያ ከጋሼ ምስል ሥር ተገትሮ አገኘሁት። ለካ አገልግሎቱ በራሱ አካውንት ለገባ ባለቤት ማስታወቂያውን አያሳየውም፤ ስለዚህ በቤቴ ግድግዳ ላይ ምን እንደተለጠፈ ለማወቅ ውጭ ወጥቼ እንደ እንግዳ ማንኳኳት ነበረብኝ።

ይህ ነገር በእኔ የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው ላይቭጆርናል የተባለው የጦማር አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ማስታወቂያ የሌለበት ነጻ አካውንት ይሰጥ ነበር፤ ወጪው የሚሸፈነው በፈቃዳቸው ከሚከፍሉ ተጠቃሚዎች ነበር። በ2006 ማስታወቂያ ለመቀበል የተስማማ ሰው ተጨማሪ አገልግሎት የሚያገኝበት ሦስተኛ ዓይነት አካውንት መጣ። በእኔ አመለካከት ይህ ከተሞከሩት ሁሉ ፍትሐዊው አከፋፈል ነው፤ ማስታወቂያ የሚሸከም ሰው በምላሹ ምን እንዳገኘ ያውቃልና። በመጋቢት 2008 ግን ድርጅቱ ማስታወቂያ የሌለበትን ነጻ አካውንት ለአዲስ ገቢዎች ዘጋው። ተጠቃሚዎች ለአንድ ቀን ምንም ባለመጻፍ አድማ መቱ፤ ድርጅቱም በዚያው ዓመት ውሳኔውን አለዘበ። ከቀድሞ ሠራተኞቹ የተወሰኑት በ2009 የከፈቱት ድሪምዊድዝ የተባለው አገልግሎት ደግሞ ማስታወቂያ ጨርሶ ላለመቀበል ወስኖ እስከ አሁን በከፋዮቹ ገንዘብ ይኖራል። ድሪምዊድዝን የፎቶግራፍ መዝገብ ላለው ሰው አልመክረውም፤ የሚመቸው ለጽሑፍ ነው። ይሁንና ነጻ አካውንት ያለ ማስታወቂያ አይኖርም ለሚል ሰው በቂ መልስ ነው።

ብሎገርን ብዙዎች ያረጀ ነው ብለው ይንቁታል፤ ገጽታውን አይተው ከሆነ አልፈርድባቸውም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2003 ከገዛው ጀምሮ የተለወጠበት ፍጥነት የቄስ ትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበር የሚለወጥበትን ያህል ነው። ነገር ግን በዚህ ግምገማ መስፈርት አንደኛ የሚወጣው እርሱ ነው፤ በነጻው ገጽ ላይ ማስታወቂያ የሚወጣው ባለቤቱ ከፈለገ ብቻ ነውና። ማስታወቂያ ማስገባት የሚፈልግ ጸሐፊ አድሴንስ በተባለው የጉግል አገልግሎት ይመዘገባል፤ ለረጅም ዓመታት ከገቢው 68 በመቶው ለገጹ ባለቤት ሲከፈል ቆይቷል። ክፍያ የሚላከው ግን የተጠራቀመው 100 ዶላር ሲሞላ ነው፤ ለጥቂት መቶ አንባቢ ስለ ዶሮ ማነቂያ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ይህ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ስለዚህ አላስገባሁትም። ጉግል ገጹን በነጻ የሚያኖረው ለጽድቅ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ትልቁ የማስታወቂያ ንግዱ በሌላ በኩል ስላለ የእኔን ትንሽ ግድግዳ አልፈለጋትም። ድርጅቱ አንድ ቀን አገልግሎቱን ሊዘጋው ይችላል የሚለው ስጋት አለኝ፤ በዚህ ምክንያት የጽሑፎቼን ቅጂ በየወሩ አውርጄ በፍላሽ አስቀምጣለሁ።

ቴሌግራም በከተማችን ከሁሉም ይበልጥ የሚነበብበት ቦታ ነው፤ ማስታወቂያውም ቀላሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሲጀመር ከ160 ሆሄ የማይበልጥ ጽሑፍ ብቻ ነበር፣ የሚወጣውም 1,000 እና ከዚያ በላይ ተከታይ ባላቸው ቻናሎች ላይ ነው። ከ2024 ጀምሮ የገቢው ግማሽ ለቻናሉ ባለቤት እንዲደርስ ተደርጓል፤ ክፍያው በዲጂታል ገንዘብ መሆኑ ግን ለእኔ ቢጤ ሌላ ራስ ምታት ነው። የእኔ ቻናል 1,000 ተከታይ ስላልሞላ እስከ አሁን ንጹሕ ነው። ጉድለቱ በሌላ በኩል ነው፦ ቻናል የሚፈስ ወንዝ እንጂ መዝገብ አይደለም፤ ከዓመት በፊት የጻፍኩትን የአንድ ሱቅ ታሪክ የሚፈልግ አንባቢ፣ በመፈለጊያው የሚያስገባውን ቃል ካላወቀ፣ አውራ ጣቱ እስኪዝል ወደ ላይ መሳብ አለበት።

ከዚህ ተነሥቼ የምመክረው እንደ ሰዉ ይለያያል። ውጭ አገር ካርድ ያለው ዘመድ ያለውና ለመጠየቅ የማያፍር ሰው ዎርድፕሬስ ዶት ኮምን ከፍሎ ቢይዝ አይጸጸትም። በነጻ ለመቆየት የወሰነ ሰው ብሎገርን መዝገብ፣ ቴሌግራምን ደግሞ ጠሪ ደወል አድርጎ ቢጠቀም ይሻለዋል፤ እኔም ዛሬ የማደርገው ይህንኑ ነው። በዎርድፕሬስ ዶት ኮም ያለኝን ነጻ ገጽ አልዘጋሁትም፤ ሐዘንና የሰው ስም የሌለባቸውን የሕንፃ ጽሑፎች ብቻ ትቼበታለሁ፣ በየሳምንቱም ከአካውንቴ ወጥቼ እንደ ማንኛውም አንባቢ እየከፈትኩ ምን እንደተለጠፈ አያለሁ። ሌላ አገልግሎት ለመሞከር የሚያስብ ሰውም ጽሑፉን ለዘመድ አዝማድ ከመላኩ በፊት ገጹን በሌላ ሰው ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ከፍቶ ይመልከተው።

የልብስ ሰፊውን ታሪክ ወደ ብሎገር አዛውሬ አዲሱን አድራሻ ለእትዬ ልጅ ላኩለት። በማግስቱ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው፤ ሰላምታውን ሳንጨርስ «ያ ኳስ የሚራገጠው ልጅ ሄደ?» አሉኝ። ሄዷል አልኳቸው።