ቢዩቲፉል ላይፍ ወይስ አንድ ሊትር እንባ? የቱን ልጀምር?

ሁለቱም የጃፓን ድራማ፣ ሁለቱም 11 ክፍል። ጊዜህን እኩል ይበላሉ፣ እንባህንም።

ፍቅር፦ ቢዩቲፉል ላይፍ (እ.ኤ.አ. 2000) በሰፊው ይበልጣል። ተዋናዩ ታኩያ ኪሙራ ፀጉር ሠሪ፣ ተዋናይቷ ታካኮ ቶኪዋ ደግሞ በዊልቸር የምትንቀሳቀስ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት፤ ደስ የሚለው ልጅቷ እንድታሳዝን ብቻ አልተጻፈችም፣ መልስ ትሰጣለች፣ ትቆጣለች፣ ኩራትም አላት። የመጨረሻው ክፍል የተመልካች ምጣኔ ከ40 በመቶ ማለፉ አይገርመኝም።
በአንድ ሊትር እንባ (እ.ኤ.አ. 2005) የፍቅር ታሪኩ ለድራማው የተጨመረ ነው። ትንሽ ያስታውቃል።

ሕመም፦ እዚህ ሚዛኑ ይገለበጣል። አንድ ሊትር እንባ መነሻው አያ ኪቶ የተባለች ጃፓናዊት ወጣት የጻፈችው እውነተኛ የዕለት ማስታወሻ ነው፤ በሽታው ቀስ እያለ መራመድን፣ መጻፍን፣ መናገርን ነጠቃት፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በ25 ዓመቷ አረፈች። ድራማውም አይቸኩልም፣ እናትና አባት፣ ታናናሾቿ፣ የክፍል ጓደኞቿ እንዴት እንደተለወጡ ያሳያል።
በቢዩቲፉል ላይፍ ግን ሞት የሚከብደው ወደ መጨረሻው ነው።

በቅርብ ሰው አስታመህ ከነበረ አንድ ሊትር እንባን አቆየው። የቤተሰብ ታሪክ ከወደድክ ግን እሱው ነው። ከፍቅረኛህ ጋር ለማየት ቢዩቲፉል ላይፍ ይሻላል፣ የዘመኑን የቶኪዮ ፋሽንም በነፃ ታያላችሁ።