ኳሱ ዳር ያሉት ድንኳኖች፦ ምን ይበላል፣ ምን ይታለፋል?

የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ከ1984 እ.ኤ.አ. ወዲህ በጁላይ 4 ሰሞን ከተማ እየቀያየረ የሚያዘጋጀው በዓል ላይ፣ ኳሱን ሳያይ ምግቡን በልቶ የሚመለሰው ጥቂት አይደለም። ነገር ግን የድንኳን ምድጃም ማቀዝቀዣም ጊዜያዊ ስለሆነ፣ ሬስቶራንት ውስጥ የሚጣፍጠው ሁሉ እዚህ አይሆንም።

እምብዛም የማያሳፍረው ጥብስ ነው፤ ዓይናችሁ እያየ ይሠራል። ከመሰለፋችሁ በፊት መጥበሻውን እዩት። ወረፋው ሲረዝም ጠባሹ ይቸኩልና ሥጋውን ክምር አድርጎ ይጨምራል፤ መጥበሻው ይቀዘቅዛል፣ ሥጋው ውኃ ይለቃል። ሲንጫጫ ከሰማችሁ ግቡ፤ በራሱ ውኃ ተኝቶ ከተንተከተከ ግን ስሙ ቅቅል ነው።

የብዙዎቹ ድክመት እንጀራው ላይ ነው። ሌሊት ተጋግሮ ሳይበርድ ተደራርቦ በላስቲክ ሲታሸግ ያልበዋል፤ ድንኳን ሲደርስ ተጣብቆ፣ ሲያነሡት ይቀደዳል። ይህን የፈሩት ደግሞ ክፍቱን ያስቀምጡትና ነፋሱ ጠርዙን እንደ ድርቆሽ ያደርገዋል። አዋቂዎቹ አንድ በአንድ አብርደው ይደራርቡታል፣ ሲሸጡም ከላዩ ጨርቅ አይለየውም። እንጀራው ደህና ሆኖ እንኳ ትኩስ ወጥ ፈስሶበት ባለ ክዳኑ የፎም ሳህን ከተዘጋ፣ መቀመጫ እስክታገኙ ይርሳል። ወጡን ለብቻ፣ እንጀራውን ጥቅል አድርገው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፤ ቲማቲም ሰላጣውንም እንዲሁ።

ክትፎ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የምግብ ደንብ መነሻ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች፣ ትኩሱ ከ57 በላይ ይቀመጥ የሚል ነው። የተፈጨ ሥጋ በሰለ የሚባለው ደግሞ 68 ዲግሪ ደርሶ ለ17 ሰከንድ ሲቆይ ነው፤ ለብ ለብ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ዋናው ነገር ሥጋው ከበረዶ ሣጥኑ የሚወጣው መቼ ነው የሚለው ነው። ስታዙ ወጥቶ ፊታችሁ በቅቤና በሚጥሚጣ ከታሸ መልካም፤ ቅቤው ቀዝቃዛው ሥጋ ላይ ጠጠር ማለት ይጀምራል። ቀድሞ ታሽቶ ጎድጓዳ ሳህን ላይ የተቀመጠ፣ ቅቤውም ቀልጦ ከሥር የተጠራቀመ ከሆነ፣ ቆጮና አይቡ ምንም ቢያምር እለፉት። ዶሮ ወጥም ድስቱ እሳት ላይ ካልሆነ ይቅርባችሁ።

አዘጋጆቹ ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፦ ሰሞኑ የሰኔ ጾም ነው፤ የሚፈታው ሐምሌ 5፣ ማለትም ጁላይ 12 ነው። ጿሚው ብዙ ሆኖ ሳለ በየዓይነቱ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። የቀረው ሽሮም ሲቆይ ይጠጥርና ውኃ ብቻ ተጨምሮበት ይቀጥናል። ጾመኛ ከሆናችሁ ቀደም ብላችሁ ግዙ፤ ጭልፋውም የጥብሱ አለመሆኑን ጠይቁ። ቅቤ የነካ ጭልፋ ምስሩን ይፈታዋል!

ሳምቡሳ ከዘይት ሲወጣ ብቻ ነው የሚገዛው፤ በፎይል ተሸፍኖ የቆየው በራሱ እንፋሎት ይልፈሰፈሳል። ቡና ከፈለጋችሁ ጀበናው ያለበትን ድንኳን ምረጡ፤ ብዙዎቹ ከፔርሙዝ ነው የሚቀዱት።