ባለፍሬሙ ተጣጣፊ የውሃ ገንዳ፦ ሁለት ዓመት ከተጠቀምንበት በኋላ

በበጎ ፈቃድ እሳት የማጠፋው የቧንቧ ውሃ በማይደርስበት ገጠር ነው። ድሮ ቦቴያችን ከፓምፑ ጋር ተያይዞ ይቆም ነበር። ውሃው ሲያልቅ ሊቀዳ ይሄዳል። እኛ ባዶ የውሃ ጎማ ይዘን ጣራው ሲነድ እናያለን። እስኪመለስ ያለው ጊዜ አንጀት ይበላል።

አሁን ተጣጣፊ ገንዳ አለን። ፍሬሙ ብረት ነው፤ ውስጡ ወፍራም የፕላስቲክ ሸራ። ወርዱም ርዝመቱም 3 ሜትር፣ የሚይዘው 8,000 ሊትር። ሁለት ሰው ከመኪና አውርዶ ይዘረጋዋል። ቦቴው 6,000 ሊትሩን ገልብጦ ወዲያው ይመለሳል። ደርሶ መልሱ 12 ደቂቃ ነው። ፓምፑ በደቂቃ 500 ሊትር ከሳበ፣ በዚያ ጊዜ የሚያልቀው ልክ አንድ ቦቴ ውሃ ነው። ጎማው አይደርቅም!

ገንዳውን እወደዋለሁ። ግን ከሱ እኩል ትኩረት የሚፈልገው ፓምፑ ውሃ የሚስብበት ቱቦ ጫፍ ላይ የሚገባው ማጣሪያ ነው። መጀመሪያ ለወንዝ የምንጠቀምበትን ረጅሙን አስገባን። ውሃው 30 ሴንቲሜትር ላይ ሲደርስ አዙሪት ሠራና ፓምፑ አየር መሳብ ጀመረ። በዚህ ስፋት 30 ሴንቲሜትር ማለት 2,700 ሊትር ነው። የገንዳው ሲሶ ዓይናችን እያየ ተኛ። መሬት ላይ የሚተኛውን ጠፍጣፋ ማጣሪያ ከገዛን ወዲህ እስከ 5 ሴንቲሜትር ድረስ እንስባለን። ገንዳ ልትገዙ ከሆነ እባካችሁ እሱንም አብራችሁ ግዙ።

ቦታ መምረጥ ላይም አትቸኩሉ። 8,000 ሊትር 8 ቶን ነው፤ አንዴ ከሞላ ንቅንቅ አይልም። አንድ ሌሊት በጥድፊያ ተዳፋት ላይ ዘረጋነው። ግማሹ እንኳ በቅጡ ሳይሞላ በዝቅተኛው በኩል ፈሰሰ፤ የፍሬሙ አንድ ጎንም ጎበጠ። ማፍሰሻውም ወደ ላይኛው በኩል ዞሮ ስለነበር የቀረውን ውሃ በባልዲ ቀድተን ጨረስን። አሁን መጀመሪያ ጠጠሩን እንጠርጋለን፣ ሸራ እናነጥፋለን፣ ማፍሰሻውን ወደ ቁልቁለቱ እናዞራለን።

ቅር ያለኝ የሸራው ማዕዘን ነው። በሁለተኛው ዓመት ማንጠባጠብ ጀምሯል። እርጥብ እንደሆነ እያጠፍን ማስቀመጣችንም ሳይጎዳው አልቀረም።

ሌላው፣ ፓምፑ ቀስ ካለ ቦቴው ሲደርስ ገንዳው ውስጥ ከ2,000 ሊትር በላይ ይተርፋል። ያኔ ጭነቱ በሙሉ አይገባም፤ ሹፌሩም ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ሁለተኛ ገንዳ ጎን ለጎን ልንጨምር ነው።