ከአምባሳደር አካባቢ የሚሸጠው የአማን ጉዞ፦ ለሮማው ቲያትር 40 ደቂቃ አይበቃም

አምባሳደር አካባቢ ካሉት የጉዞ ወኪሎች አንዱ የሚሸጠው የአራት ቀን የአማን (የጆርዳን ዋና ከተማ) ፓኬጅ ሆቴሉም መኪናውም ደህና ነው። ሰው ገንዘቡን የሚከፍልለት ትልቁ ነገር፣ በከተማዋ መሃል ያለው የሮማውያን ቲያትር ግን በጥድፊያ ይታለፋል።

ማስታወቂያው ራሱ መታረም አለበት። ቦታውን «የግላዲያተሮች ሜዳ» ይለዋል። ለፍልሚያ የሚሠራው እንደ ሮሙ ኮሎሲየም ዙሪያውን በመቀመጫ የተከበበ ሞላላ ሜዳ ነው፤ ይሄኛው ግማሽ ክብ ሆኖ ፊት ለፊቱ መድረክ ያለው ቲያትር ነው። አማን ፊላደልፊያ ትባል በነበረበት ዘመን፣ በአንቶኒኑስ ፒዩስ ንግሥና (እ.ኤ.አ. ከ138 እስከ 161) ከኮረብታው ጎን ተፈልፍሎ የተሠራ ሲሆን 6,000 ያህል ሰው ይይዛል። ወደ ሰሜን የዞረው ፀሐይ የተመልካቹን ዓይን እንዳትወጋ ነው። ይህንን ማወቅ ብቻ አቀማመጡን በሌላ ዓይን ያሳያል።

ፓኬጁ 40 ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል። የመስቀል አደባባይን ደረጃ የለመደ እግር እንኳ እዚህ ይፈተናል፤ አቀበቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ድንጋዩም በብዙ እግር ለስልሶ ያዳልጣል። ከመውጣቱ መውረዱ ይብሳል። ሶሉ ጎማ የሆነ ጫማ ግድ ነው። መቀመጫው ከታች እስከ ላይ በሦስት ስለተከፈለ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶችና አባቶች የታችኛው ክፍል ይበቃቸዋል። ድምፁን ለመሞከር አንዱ በታችኛው ወለል መሃል ይቁም፣ ሌላው ላይ ይውጣ፤ ከዚያ ሳይጮሁ በተራ ድምፅ መነጋገር ነው። ሰው ሲበዛ ግን ጫጫታው ይውጠዋል፤ ጠዋት በሩ እንደተከፈተ መግባት ይሻላል።

አስጎብኚው ስለ እድሳቱም መናገር ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1957 የተጀመረው ሥራ ሁሉንም በጥንቱ ዓይነት ድንጋይ አልሠራውም፤ ስለዚህ የቱ ጥንታዊ የቱ አዲስ እንደሆነ ጠይቁት።

በጣም የሚያሳዝነው ኦዲዮኑ መዘለሉ ነው። 500 ያህል ሰው የሚይዝ ትንሽ ቲያትር ሆኖ እዚያው ከትልቁ ጎን ቆሞ ሳለ በፕሮግራሙ ውስጥ የለም። ቅደም ተከተሉም ተገልብጧል፦ ከቲያትሩ ፊት ለፊት ወዳለው ጥንታዊ ምሽግ ያለበት ኮረብታ፣ ወደ ጀበል አል ቀልዓ፣ በእግር ያወጣል። መጀመሪያ በመኪና ተራራው ላይ መውጣት፣ ቲያትሩን ከማዶ በሙሉ ማየት፣ ከዚያ ቁልቁል መውረድ ነው ትክክሉ።

ሒሳቡ ላይ «ጆርዳን ፓስ» (ብዙ የጆርዳን ጥንታዊ ቦታዎችን በአንድ ክፍያ የሚያስገባ ትኬት) ካለ አጣሩ። ዋጋው ከ70 ዲናር ይጀምራል፤ ከዓለት የተፈለፈለችው ጥንታዊት ከተማ የፔትራ የአንድ ቀን መግቢያ ብቻ 50 ዲናር ስለሆነ ፔትራ ለሚሄድ ይጠቅማል። አማን ውስጥ ብቻ ለሚቆይ ግን በመግቢያ ዋጋ አይካካስም፤ እያንዳንዱን በር ላይ መክፈል ይረክሳል። ቪዛው በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩንም ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛው ቀን ከሰዓት ለገበያ ማዕከል የተያዘ ነው። በምትኩ ከአማን በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ጄራሽ፣ የሮማውያን ከተማ ፍርስራሽ ወዳለባት፣ እንዲወስዷችሁ ጠይቁ፤ የእሷ ደቡባዊ ቲያትር ብቻውን ከ3,000 በላይ ሰው ይይዛል። ለውጡን በቃል ሳይሆን ደረሰኙ ላይ አስጽፉት፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት።