ሉታላይዝ፦ ከመርፌው በፊት የላሟ እንቁልጢ ይታይ

ላም ኮርማ አልፈልግ ስትል ብዙ አርቢ ቶሎ የሚሮጠው ወደ «ሆርሞን» ነው። ላምን ድራት ላይ (ኮርማ ወደምትፈልግበት ጊዜ) የሚያመጣው የሆርሞን መርፌ ሉታላይዝ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ቅሬታ የሚበዛበት ለማይሠራው ሥራ ስለሚወጋ ነው።

በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ ዳይኖፕሮስት የተባለው ሆርሞን 5 ሚሊ ግራም አለው። ለአንድ ላም 5 ሚሊ ሊትር ጡንቻ ላይ ይወጋል። የሚያደርገው እንቁላል ከወጣ በኋላ እንቁልጢ (እንቁላል የሚያመነጨው አካል) ላይ የሚያድገውን ኮርፐስ ሉቲየም የተባለ እብጠት ማክሰም ነው። ይህ እብጠት ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሆርሞን እያመነጨ ድራት እንዳይመጣ ይይዛል፤ ሲከስም ሆርሞኑ በአንድ ቀን ገደማ ይወርድና ከ2 እስከ 5 ባሉት ቀናት ላሟ ድራት ታሳያለች።

የሚከስም ነገር ከሌለስ? ያው ውኃ መውጋት ነው። በቅርብ የወለደች፣ ጥጃ የምታጠባና ጎድኗ የሚቆጠር ላም እንቁልጢዋ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ አቁሟል፤ እሷ መኖ ነው የሚያስፈልጋት። በ21 ቀኑ ዑደት የመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት ላይ ያለችም ለመድኃኒቱ ምላሽ አትሰጥም፣ ኮርፐስ ሉቲየሙ ገና ለጋ ነውና።

ስለዚህ ዋናው ነገር ምርመራው ነው። ባለሙያው በፊንጢጣ እጁን አስገብቶ ጠጠር ያለውን የማህፀን አንገት ያገኛል፤ ከዚያ የማህፀኑን ሁለት ቅርንጫፎች (ቀንዶች) ተከትሎ እንቁልጢዎቹ ጋ ይደርሳል። ኮርፐስ ሉቲየም ከገጹ ጉብ ብሎ ይወጣል፣ ሲነካም ድፍን ነው። ፎሊክል (እንቁላሉን የያዘው ከረጢት) ግን ለስላሳና ውኃ የቋጠረ ነው። በቦረና ላሞች ኮርፐስ ሉቲየሙ አነስ ብሎ ወደ ውስጥ ስለሚሰጥም የለመደ እጅም ይሳሳታል። ሲያጠራጥር በ11 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ መውጋት ይሻላል፤ ወጪው እጥፍ ቢሆንም በሁለተኛው መርፌ ዑደት ላይ ያሉት ላሞች ከሞላ ጎደል ሁሉም ለመድኃኒቱ ምላሽ የሚሰጡበት ደረጃ ላይ ይገኛሉ።

እርግዝና ካለ መድኃኒቱ ያስወርዳል፣ በተለይ ከ5 ወር በፊት። 1 ወር ያልሞላውን ጽንስ ደግሞ እጅ አይለየውም። ከኮርማ ጋር የዋለች ላም ካለች ሳይደበቅ ለባለሙያው ይነገረው።

የተወጉትን ሁሉ ከመርፌው በ3ኛው ቀን ሰብስቦ ማዳቀል ለአዳቃዩ ይመቸዋል እንጂ ለላሞቹ አይሆንም፤ በመርፌው ዕለት የእያንዳንዷ ፎሊክል ዕድገት ስለሚለያይ አንዷ ትቀድማለች፣ ሌላዋ ትዘገያለች። ሌላ ላም ስትጫናት ቆማ የምትቀበለውን መጠበቅ ነው፦ ጠዋት የታየች ከሰዓት፣ ማታ የታየች በማግስቱ ጠዋት ትዳቀል። የአገራችን ላሞች ድራት አጭር ነው፣ ሌሊት የሚያልፍባቸውም ብዙ ናቸው፤ ቀን ብቻ የሚያይ አርቢ መድኃኒቱን ይወቅሳል።

ኢስትሩሜት የተባለው ሌላ መርፌም ያንኑ ሥራ በ2 ሚሊ ሊትር ይሠራል፤ መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ለአወጋግ ይቀላል። የ20 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ ለ10 ላም፣ የሉታላይዝ 30 ሚሊ ሊትር ለ6 ላም ይበቃል፤ ጥቂት ላም ያለው ከጎረቤት ጋር ተጋርቶ ቢገዛ ይሻለዋል። በሲሪንጅ ተቀድቶ የሚሸጠውን ግን ይተዉት፤ የማብቂያ ቀኑ አይታይም። ሁለቱም በቆዳ ስለሚገቡ ያለ ጓንት አይነኩ፤ ነፍሰ ጡር ሴትና አስም ያለበት ሰው ጭራሽ አይያዟቸው።